መርሳትዎ ከሆርሞን ይሆን? ቀን እየመዘገቡ የሚለዩበት መንገድ

የወር አበባዋ መዛባት የጀመረች ሴት የሰው ስም አፏ ላይ ደርሶ ሲጠፋባት፣ ስልሳን የተሻገረ ወንድ ሊናገር የጀመረውን መሃል ላይ ሲረሳው ጣት የሚቀሰረው ሆርሞን ላይ ነው። ጥርጣሬው ከመሬት የተነሳ አይደለም። ኤስትሮጅን፣ ፕሮጄስትሮንና ቴስቶስቴሮን ከመራቢያ አካላት ባሻገር አንጎል ላይም ይሠራሉ። ስህተቱ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው፦ አንድ ቀን ደም ይሰጣል፣ ወረቀቱ ላይ አንድ ቁጥር ዝቅ ብሎ ይገኛል፣ በቃ የመርሳቱ ምክንያት ታወቀ ይባላል። እነዚህ ሆርሞኖች ግን በሰዓትና በቀን ይለዋወጣሉ፤ የማስታወስ ብቃትም እንደዚያው። ሁለቱ አብረው መውጣት መውረዳቸው የሚታወቀው ቀን ተጽፎባቸው ጎን ለጎን ሲታዩ ነው።

ሆርሞኑ አንጎል ውስጥ ምን ይሠራል?

ከኤስትሮጅን ዓይነቶች ጠንካራው ኤስትራዲዮል ነው። ተቀባዮቹ ከሚገኙባቸው የአንጎል ክፍሎች ሁለቱ ለማስታወስ ወሳኝ ናቸው፦ አዲስ ነገር የሚመዘገብበት ሂፖካምፐስ፣ እና የያዝነውን ሐሳብ ሳይበተን የሚያቆየው የፊተኛው የአንጎል ክፍል። እ.ኤ.አ. በ1990 ካትሪን ዉሊ፣ ብሩስ ማኪዌንና ባልደረቦቻቸው የሴት አይጦችን ሂፖካምፐስ በማይክሮስኮፕ መረመሩ። የነርቭ ሴሎች መልእክት የሚቀበሉባቸው እሾህ መሰል ጥቃቅን ጉጦች ቁጥር፣ ከ4 እስከ 5 ቀን በሚፈጀው የአይጦቹ የመራቢያ ዑደት ውስጥ ከፍና ዝቅ ሲል አገኙት። ኤስትራዲዮል ሲጨምር ጉጦቹ ይበዛሉ፣ ሲወርድ በአንድ ቀን ልዩነት እንኳ ይቀንሳሉ። ግኝቱ ለብዙ ጥናት በር ከፍቷል። ይሁንና ከአይጥ ጉጥ እስከ ሰው ስም ድረስ ያለው መንገድ ረጅም ነው፤ ይህን የሚዘሉ ጽሑፎች ብዙ ናቸው።

አንጎል ራሱም ኤስትራዲዮል ይሠራል። አሮማቴዝ የሚባል ኢንዛይም ቴስቶስቴሮንን ወደ ኤስትራዲዮል ይለውጣል፣ ይህም በሴትም በወንድም አንጎል ውስጥ የሚካሄድ ነው። በመሆኑም ከክንድ የተቀዳ ደም ሂፖካምፐስ ውስጥ ያለውን መጠን በቀጥታ አያሳይም።

የፕሮጄስትሮን መንገድ ሌላ ነው። ሰውነት ሲያፈርሰው አሎፕሬግናኖሎን የሚባል ንጥረ ነገር ይወጣዋል፤ ይህም የነርቭን እንቅስቃሴ የሚያረግበውን ጋባ የተባለ መልእክተኛ ተቀባይ ያግዛል። ዳያዜፓምን የመሰሉ ማረጋጊያዎች የሚሠሩትም በዚሁ ተቀባይ ላይ ነው። በአፍ የሚወሰድ ፕሮጄስትሮን ሊተኙ ሲሉ እንዲዋጥ የሚታዘዘው ለዚህ ነው። ጠዋት የዋጠችው ሴት ቀኑን ሙሉ ብትፈዝ የአንጎሏ ችግር ሳይሆን የሰዓቱ ነው።

ሆርሞን ሲዋዥቅ የሚነካው የማስታወስ ዓይነት ውስን ነው፦ የቃል ማስታወስ (ስም፣ ዝርዝር፣ አሁን የተነገረ ነገር)፣ የአስተሳሰብ ፍጥነትና ትኩረት። የልጅነት ትዝታ፣ መኪና መንዳትን የመሰለ እጅ የለመደው ሥራ፣ የለመዱት ሰፈር መንገድ በዚህ ምክንያት አይጠፉም። በለመዱት መንገድ ላይ መጥፋት፣ ያንኑ ጥያቄ በደቂቃዎች ልዩነት መደጋገም፣ ቀድሞ ይሠሩት የነበረውን ሒሳብ መሥራት አለመቻል ከታየ ደብተር ሳይጠብቁ ወደ ሐኪም ይሂዱ። ንግግር በድንገት ከተሳሰረ ወይም ፊት ከተጣመመ ደግሞ ነገሩ የደቂቃዎች ጉዳይ ነው፣ በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል።

ደብተሩ

የወር አበባ የሚያዩ ከሆነ ቢያንስ ሦስት ዑደት፣ ዑደቱ ከተዛባ ወይም ከቆመ 12 ሳምንት፣ ወንድ ከሆኑ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ይመዝግቡ። በየማታው፣ በተመሳሳይ ሰዓት፣ ከሁለት ደቂቃ የማይበልጥ ሥራ ነው። የሚጻፈው ይህ ነው፦

- ቀኑና የዑደቱ ስንተኛ ቀን እንደሆነ
- የተኙበት ሰዓት ብዛትና ሌሊት የነቁበት ጊዜ
- ድንገተኛ ሙቀትና ላብ፣ ስንት ጊዜ
- ስሜት ከ1 እስከ 5 (1 በጣም የከፋ)
- የረሱት ነገር በቁጥርና በአጭሩ ምን እንደነበር
- የወሰዱት መድኃኒትና አልኮል

የዑደቱ ቀን 1 ደም በደንብ መፍሰስ የጀመረበት ቀን ነው፤ ከዚያ በፊት የታየ ጠብታ አይቆጠርም። ብዙዎች ከደሙ ማብቂያ ጀምረው ይቆጥሩና ሰንጠረዡ በሙሉ በአራት አምስት ቀን ይንሸራተታል። እንቁላል የሚለቀቅበትን ቀን ማወቅ ከፈለጉ ኤልኤች የሚባለውን ሆርሞን በሽንት የሚለካውን ወረቀት ይጠቀሙ፤ ምልክቱ ከታየ በኋላ እንቁላሉ አብዛኛውን ጊዜ ከ24 እስከ 36 ሰዓት ውስጥ ይለቀቃል። ወደ ማረጥ በሚያሸጋግሩት ዓመታት ግን ይህ ወረቀት ያታልላል፤ እንቁላል ሳይለቀቅም ምልክት ሊያሳይ ስለሚችል አይመኑት።

አንድ መስመር ይህን ይመስላል፦

«ረቡዕ፣ ቀን 24። እንቅልፍ 5 ሰዓት ተኩል፣ 3 ጊዜ በላብ መንቃት። ስሜት 2። መርሳት 3፦ የባልደረባ ስም፣ የተጣደ ውሃ፣ የስብሰባ ሰዓት። ማታ የአለርጂ ክኒን።»

ይህን መስመር ቀስ ብለው ይዩት። ቀን 24 ስለሆነ የወር አበባ መቃረቢያ ነው፣ ሆርሞን ተጠርጣሪ ነው። ግን ሌሊቱ ሦስት ጊዜ ተቆራርጧል፣ ስሜቱም ወርዷል። ክኒኑስ? እንደ ዳይፈንሃይድራሚን ያሉ የቆዩ የአለርጂ መድኃኒቶች አሴቲልኮሊን የተባለውን ለማስታወስ የሚያስፈልግ የነርቭ መልእክተኛ ያግዳሉ፣ ድካማቸውም እስከ ማግስቱ ይዘልቃል። በአንድ መስመር ውስጥ አራት ተጠርጣሪ ተገኘ። ያለ ደብተር ቢሆን ኖሮ የሚታወሰው «የወር አበባዬ ሲቃረብ እረሳለሁ» የሚለው ብቻ ነበር።

ደብተሩ የሚበላሸው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው ሳምንቱ ሲያልቅ ቁጭ ብሎ ሰባቱን ቀን በአንድ ጊዜ መሙላት ነው፤ ማስታወስን በማስታወስ መለካት ስለሚሆን ዋጋ የለውም። ሁለተኛው መጥፎ ቀን ላይ ብቻ መጻፍ ነው። ደህና የዋለ ቀን ካልተመዘገበ መጥፎው ቀን ከምን እንደተለየ አይታወቅም። ያለፈን ወር ወደኋላ ሲያስቡት ችግሩ ሁሉ የወር አበባ ዙሪያ የተከማቸ ይመስላል፤ ለዚህ ነው ከወር አበባ በፊት የሚመጣውን ከባድ የስሜት መታወክ ለማረጋገጥ ሐኪሞች ቢያንስ የሁለት ዑደት የየዕለት መዝገብ የሚጠይቁት።

የ12 ቃላት መለኪያ

ደብተሩ ስሜትን ይይዛል፤ ብቃትን ለመያዝ ሌላ መለኪያ ያስፈልጋል። እርስ በርስ የማይዛመዱ፣ በዓይን የሚታዩ ነገሮች ስም የሆኑ 12 ቃላት ሌላ ሰው ይምረጥልዎ። ለምሳሌ፦ መሰላል፣ ደመና፣ ቁልፍ፣ ጥንቸል፣ መርፌ፣ ወንዝ፣ ኮፍያ፣ ደወል፣ አሸዋ፣ መስኮት፣ ሻማ፣ ድልድይ። ሦስቱ እንስሳ ወይም አራቱ የቤት ዕቃ ከሆኑ አንጎል በቡድን ስለሚይዛቸው ነጥቡ ያለ አግባብ ይጨምራል። ቤት የሚመቱ ቃላትም እንደዚያው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሌላ ሰው በየሰከንዱ አንድ ቃል እያለ ዝርዝሩን ያንብብልዎ፤ ሰው ከሌለ በስልክ ድምፅ ቀድሞ መቅዳት ይቻላል፣ ዝርዝሩን ያዘጋጀው ግን ሌላ ሰው ይሁን። ንባቡ ሲያልቅ ያስታወሱትን በማንኛውም ቅደም ተከተል ይበሉ፤ አንባቢው ይቁጠር። ይህ ሦስት ጊዜ ይደገም። ከዚያ 25 ደቂቃ ቃል የማይነካ ሥራ ይሥሩ፦ ልብስ ማጠፍ፣ ዕቃ ማጠብ። ሬዲዮም፣ ወሬም፣ ስልክ ማንበብም አይፈቀድም። ሲያበቃ ዝርዝሩ ሳይነበብ ያስታወሱትን ይበሉ።

የሚጻፉት ሦስት ቁጥሮች ናቸው። ለምሳሌ መጀመሪያ ዙር 6፣ ሦስተኛ ዙር 10፣ ከ25 ደቂቃ በኋላ 8። ቁም ነገሩ በቁጥሮቹ መካከል ያለው ልዩነት ላይ ነው። መጀመሪያው ዝቅ ብሎ ከዚያ ከወጣ፣ የወጣውም ከ25 ደቂቃ በኋላ ከቆየ፣ ማጠራቀሚያው ደህና ነው፤ የጎደለው ትኩረት ነው፣ እሱም ከእንቅልፍ ማጣትና ከጭንቀት ጋር ይሄዳል። በሦስተኛው ዙር 10 ደርሶ ከ25 ደቂቃ በኋላ 3 ወይም 4 ብቻ የሚቀር ከሆነ፣ ይህም ከተደጋገመ፣ ነገሩ የተለየ ነው፤ ለሐኪሙ ከሁሉ ቀድሞ የሚነገረው እሱ ነው።

በሳምንት አንድ ጊዜ፣ በአንድ ሰዓት ይለኩ። በየጊዜው አዲስ ዝርዝር ያስፈልጋል፤ ያው ዝርዝር ሁለተኛ ጊዜ ሲመጣ ነጥቡ በልምምድ ብቻ ይወጣል። አዲስ ዝርዝር ቢሆንም ሰው የአሠራሩን ዘዴ ስለሚለምድ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ውጤቶች ይጣሏቸው። የአንድ ወይም የሁለት ቃል ልዩነት ትርጉም የለውም። ሦስትና ከዚያ በላይ ቃል፣ በዑደቱ ተመሳሳይ ጊዜ፣ በሁለት ሦስት ዑደት ሲደጋገም ብቻ ልብ ይበሉት። መለኪያው ራስን ከራስ ጋር ለማነጻጸር እንጂ በሽታን ለመለየት አይደለም።

ብዙዎች በዚህ መለኪያ ምንም ልዩነት አያገኙም፤ ያ ደግሞ ከሳይንሱ ጋር ይስማማል። እ.ኤ.አ. በ2025 የወጣ ከ100 በላይ ጥናቶችን ያጠቃለለ ትንታኔ፣ ጤናማ ሴቶች በወር አበባ ዑደት ውስጥ በሚሠሯቸው የአእምሮ ፈተናዎች ላይ ጸንቶ የሚታይ ለውጥ አላገኘም። ሆርሞኑ መለዋወጡ እውነት ነው፣ በፈተና ውጤት ላይ ግን ጎልቶ አይወጣም። ብዙ ጊዜ የሚለወጠው ስሜትና እንቅልፍ ነው፣ መርሳቱ በእነሱ በኩል ይመጣል።

ሆርሞን ላይ ከመድረስ በፊት የሚጣሩ

የመርሳት መንስኤ ሆነው ለመታከም ከሁሉ የሚቀሉት እነዚህ ናቸው፣ የሚዘለሉትም እነዚሁ። የታይሮይድ ምርመራ (ቲኤስኤች)፣ ቫይታሚን ቢ12፣ የደም ማነስና የብረት ክምችት (ፌሪቲን)፣ የደም ስኳር። ስለ ድብርትም በግልጽ ይነጋገሩ። በተለይ ካረጡ በኋላ ማንኮራፋትና እንቅልፍ ላይ ትንፋሽ መቆራረጥ እየበዛ ይሄዳል፤ ሴቶች ስለሱ ብዙም አይጠየቁም፣ አብሮ የሚተኛ ሰው ካለ እሱን መጠየቅ ከምንም ምርመራ ይቀድማል። መድኃኒቶችን አንድ በአንድ ያሳዩ፦ አሚትሪፕቲሊን፣ ለሽንት መቻኮል የሚሰጠው ኦክሲቡቲኒን፣ የእንቅልፍ ክኒኖች በሙሉ ተጠርጣሪ ናቸው። በራስዎ ግን አያቋርጡ።

ደም መቼ ይሰጣል?

ቀኑን ሳያስተካክሉ የተሰጠ ደም ገንዘብ ማባከን ነው።

ኤስትራዲዮልና ኤፍኤስኤች (እንቁላል እንዲያድግ የሚያዘው ሆርሞን) የሚለኩት ከዑደቱ ቀን 2 እስከ 4 ባለው ጊዜ ነው። ፕሮጄስትሮን የሚለካው ቀጣዩ የወር አበባ ይመጣል ተብሎ ከሚጠበቅበት 7 ቀን ቀደም ብሎ ነው። «ቀን 21» የሚባለው ለ28 ቀን ዑደት ብቻ ይሠራል፤ ዑደቷ 35 ቀን የሆነች ሴት በ21ኛው ቀን ብትለካ እንቁላል ገና መለቀቁ ስለሚሆን ቁጥሩ በሐሰት ዝቅ ይላል፤ የእሷ ቀን 28ኛው ነው። ሆርሞን ያለበት የወሊድ መከላከያ የምትወስድ ሴት ላይ እነዚህ ቁጥሮች ስለ ራሷ ሆርሞን ብዙም የሚናገሩት የለም።

ዕድሜዋ ከ45 በላይ ሆኖ ዑደቷ ለተዛባ፣ ድንገተኛ ሙቀትም ላለባት ሴት፣ ወደ ማረጥ መሸጋገሯን ለማወቅ የደም ምርመራ አያስፈልጋትም። በዚህ ጊዜ ኤስትራዲዮል በአንድ ሳምንት ውስጥ እንኳ ጣሪያ ነክቶ ሊወርድ ይችላል፤ አንድ ቁጥር የሚያረጋጋም የሚያስደነግጥም ሊሆን አይገባም። ከ40 ዓመት በፊት የወር አበባ ከቆመ ወይም ለወራት ከተዛባ ግን ምርመራው የግድ ነው።

ወንድ ከሆኑ ቴስቶስቴሮን ከጠዋቱ 1 እስከ 4 ሰዓት፣ በባዶ ሆድ፣ በሁለት የተለያዩ ቀናት ይለካ። ከሰዓት በኋላና ምግብ ከተበላ በኋላ መጠኑ ይወርዳል። በጉንፋን ወይም በሌላ ሕመም የሰነበቱ ከሆነ እስኪያገግሙ ይጠብቁ። የአሜሪካ የዩሮሎጂ ማኅበር ዝቅተኛ የሚለው በሁለቱም ልኬት ከ300 ናኖግራም በዴሲሊትር በታች ሲሆን ነው፤ ያም ከምልክቶች ጋር ተደምሮ። ወረቀትዎ በናኖሞል በሊትር ከሆነ ያው ወሰን 10.4 አካባቢ ነው። የሁለት ላቦራቶሪ ውጤት ሲያነጻጽሩ መጀመሪያ መለኪያው አንድ መሆኑን ይዩ።

ለፀጉርና ለጥፍር የሚሸጠውን ባዮቲን የሚወስዱ ከሆነ ለሐኪሙና ለላቦራቶሪው ይንገሩ፤ ከ2 እስከ 3 ቀን ቀድሞ ማቆም ያስፈልጋል። አንዳንድ የመለኪያ ማሽኖች በባዮቲን ይሳሳቱና ቴስቶስቴሮንንም ኤስትራዲዮልንም ያለ ልኩ ከፍ አድርገው ያሳያሉ፤ ቲኤስኤችን ደግሞ ዝቅ።

የተመዘገበውን ማንበብ

መርሳቱ በየዑደቱ የወር አበባ ከመምጣቱ በፊት ባለው ሳምንት ተነስቶ ደም ሲጀምር የሚለቅ ከሆነ፣ ስሜቱም አብሮ የሚወርድ ከሆነ፣ የሚታከመው ከወር አበባ በፊት የሚመጣው መታወክ ነው።

ዑደቱ ተዛብቶ፣ ሌሊት ላብ ኖሮ፣ የቃል ማስታወስ ደከም ያለበት ደብተር የማረጥ መሸጋገሪያን ይመስላል። እዚህ ላይ የሚያጽናና መረጃ አለ። ከ2,300 በላይ ሴቶችን ለአራት ዓመት የተከታተለ፣ እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ የአሜሪካ ጥናት ሴቶቹን ደጋግሞ ፈተነ። ፈተና ሲደጋገም ነጥብ በልምምድ መውጣቱ የተለመደ ነው። በሽግግሩ መጨረሻ ላይ ያሉት ላይ ይህ መውጣት ጠፋ፤ ካረጡ በኋላ ግን ተመለሰ። ስለዚህ የ12 ቃላት መለኪያዎ ለወራት ከፍ ሳይል ባለበት ቢረግጥ የመርሳት በሽታ መጀመሪያ ነው ብለው አይደምድሙ።

እርግዝናና አራስነትም የራሳቸው መልክ አላቸው። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ የአንጎል ምስል ጥናት፣ የመጀመሪያ ልጃቸውን የወለዱ እናቶች ግራጫ የአንጎል ክፍል በተወሰኑ ቦታዎች መሳሳቱንና ለውጡ ቢያንስ ሁለት ዓመት መቆየቱን አሳይቷል። ያው ጥናት የማስታወስ መውደቅ አላገኘም። አራስ ቤት ውስጥ የሚረሳ ሰው ካለ መጀመሪያ የሚቆጠረው ሌሊት የተነሳበት ጊዜ ነው።

ከምንም ጋር የማይገጥም ደብተር ደግሞ የራሱ መልስ ነው፦ ሆርሞኑን ትተው ከላይ የተዘረዘሩትን ሌሎች ምርመራዎች ይከተሉ።

ሆርሞን መውሰድ

ለማስታወስ ብቻ ተብሎ ኤስትሮጅን አይታዘዝም። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው ትልቅ ጥናት ዕድሜያቸው 65ና ከዚያ በላይ የሆኑ ከ4,500 በላይ ሴቶችን በሁለት ከፍሎ፣ ለአንደኛው ቡድን በየቀኑ 0.625 ሚሊግራም ኤስትሮጅንና 2.5 ሚሊግራም ሜድሮክሲፕሮጄስትሮን፣ ለሌላው ባዶ ክኒን ሰጠ። የመርሳት በሽታ የያዛቸው ከሆርሞኑ ቡድን 40፣ ከሌላው 21 ሆኑ። ዕድሜው ወሳኝ እንደሆነ የሚጠቁመው ሌላኛው ጥናት ነው፦ የመጨረሻ የወር አበባቸው ካለፈ ሦስት ዓመት ያልሞላቸው ሴቶች ለአራት ዓመት ሆርሞን ወስደው የአእምሮ ብቃታቸው አልተጎዳም፣ አልተሻሻለምም።

ሕክምናው ቦታ ያለው ሌሊቱን ለሚያቋርጥ ሙቀትና ላብ ነው፤ እንቅልፍ ሲመለስ ትኩረትም አብሮ ሊመለስ ይችላል። ጥቅሙ ከጉዳቱ የሚያመዝነው ከ60 ዓመት በፊት ወይም ካረጡ 10 ዓመት ሳይሞላ ሲጀመር ነው። ማህፀን ያላት ሴት ኤስትሮጅንን ብቻዋን መውሰድ የለባትም፤ የማህፀን ግድግዳ ካንሰርን ለመከላከል ፕሮጄስትሮን ይጨመርበታል። የጡት ካንሰር፣ የደም መርጋት፣ ስትሮክ፣ ከባድ የጉበት ሕመም ወይም ምክንያቱ ያልታወቀ የማህፀን ደም ካለ ቀድሞ ይነገር። ሁለቱም እንቁላል ማፍሪያዎቿ ከማረጥ ዕድሜ በፊት በቀዶ ሕክምና ለወጡላት ሴት ግን ነገሩ ይለያል፦ ኤስትሮጅን የሚወርደው በዓመታት ሳይሆን በቀናት ነው፤ የሚከለክል ምክንያት ከሌለ እስከ 51 ዓመት አካባቢ መተካቱ ይመከራል።

ቴስቶስቴሮንም እንዲሁ። ዕድሜያቸው 65ና ከዚያ በላይ፣ ሆርሞናቸው ዝቅ ያለ፣ የማስታወስ ድክመትም ያለባቸው 493 ወንዶች ለአንድ ዓመት ቅባቱን ወይም ባዶ ቅባት ተጠቀሙ። እ.ኤ.አ. በ2017 ሲታተም ውጤቱ ግልጽ ነበር፤ ማስታወሳቸው አልተሻሻለም። «ለአእምሮ ጉልበት» እየተባለ የሚሸጠውን ቴስቶስቴሮን ልጅ መውለድ የሚያስብ ወንድ ጨርሶ አይንካው፤ የዘር ፍሬን ሥራ ያስቆማል።

ለጡት ወይም ለፕሮስቴት ካንሰር ሆርሞን የሚያግድ መድኃኒት የሚወስድ ሰው መርሳት ቢጀምረው መድኃኒቱን አያቁም፤ ደብተሩን ይዞ ያዘዘለትን ሐኪም ያማክር።

ወደ ሐኪም ሲሄዱ

ደብተሩን በሙሉ አያንብቡለት። በአንድ ገጽ ላይ፦ የዑደቱ ቀናት ከላይ፣ ከሥሩ የመርሳት ቁጥር፣ የእንቅልፍ ሰዓትና የሙቀት ብዛት በሦስት መስመር። ከገጹ ጀርባ የየሳምንቱ የቃላት ነጥብ፣ የመድኃኒት ዝርዝር ከነመጠኑ፣ ደም የተሰጠበት ቀንና ሰዓት። ከቅርብ ሰው አንድ ምሳሌ ይጨምሩበት፤ ሰው የራሱን መርሳት ሊያጋንነው ወይም ጨርሶ ላያየው ይችላል።